ሞዴል ሆኜ ከአራተኛ ፎቅ እንደወረድኩ

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው አይደለሁም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ ሳይሆን መረጃ ለመስጠት ነው። በጋዜጣ ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል። ግማሽ ቀን አስጠብቀው "መግለጫው ተሰርዟል" ሲሉኝ "እሺ፣ መቼ ልምጣ?" ብዬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። አንድ ኃላፊ የጻፍኩትን ዜና ፊቴ ላይ ቀዶ ሲበትነው ወንበር ሥር የገባችውን ቁራጭ አንስቼ "ይቺ ቀርታለች" ብዬ አቀብያለሁ። ስለዚህ ተናድጃለሁ ብዬ ስጽፍ ቃሉን መዝኜ መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ተናድጃለሁ።

ያናደደኝ "ሞዴል" የሚባል ቃል ነው። በአገራችን ሞዴል ያልተባለ ነገር አለ? መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል ይቆረጣል፣ ሲወጣም ሞዴል ይቆረጣል። ጎበዝ ገበሬ ሞዴል አርሶ አደር ነው፤ መጸዳጃ ቤቱን በንጽሕና የያዘ ሞዴል ቤተሰብ ነው። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ከሰላምታ በፊት "የስንት ሞዴል ናት?" ይላል። ልብስ ለብሳ መድረክ ላይ የምትራመደው ቆንጆም ሞዴል ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ደግሞ ሞዴል ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከብሔራዊ ፈተናው በፊት ልጅና ወላጅ አብረው የሚታመሙበት የሙከራ ፈተና። እነዚህን ሁሉ አውቃለሁ። አንዱን ብቻ አላውቅም ነበር፤ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ልጄ ማሂ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የምትማረው አርትና ዲዛይን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ዜና አርታኢዎች ቢሆኑ ይህን አንቀጽ ይቆርጡት ነበር፣ እዚህ ግን አርታኢው እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ፊዚክስ ሲመርጥ "ጎበዝ" ይባላል። ማሂ አርት ስትመርጥ ዘመድ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምነው፣ ምን ነካት?" አለኝ፤ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው። አንዱ አጎቷ "አይዞህ፣ በኋላ ትቀይራለች" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልጅቷ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ወዳ ነው የመረጠችው ብዬ ማስረጃ ባቀርብም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ከዘመድ ይልቅ በደስታ የተቀበሉት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ ናቸው። ጀሞ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው።

"ማሂ ዲዛይን ተማረች አሉ! ማሻአላህ! ለዒድ ቀሚስ ትሰፋልኛለች።"

"እትዬ፣ ዲዛይን ሲባል ልብስ መስፋት ብቻ አይደለም" አልኩ።

"እና ምንድነው?"

"ንድፍ ነው።"

"እኮ! የቀሚስ ንድፍ።"

እኔም ብሆን ብዙ የሚያኮራ ነገር የለኝም። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች "አባዬ፣ ለሥዕል ከሰል ያስፈልገኛል" ስትለኝ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። የሥዕል ከሰል ማለት እንደ እርሳስ ቀጭን፣ ሦስቱ በአንድ እፍኝ የሚገባ መሆኑን የነገረችኝ ማዳበሪያውን በረንዳ ላይ ካወረድኩ በኋላ ነው። ከሰሉ አሁንም እዚያው ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ረቡዕ ረፋድ ላይ አንድ መግለጫ እየተከታተልኩ ሳለ ስልኬ ነዘረ። የማሂ መልእክት ነው፦ "አባዬ ሞዴሌ ቀረ። ዓርብ ካላስረከብኩ የዓመቱ ሥራዬ ዜሮ ነው።" ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ክፍል ሲገቡ ያዘጓቸዋል።

እኔ በአንድ ምንጭ ዜና ሠርቼ አላውቅም። ሁለተኛ ምንጭ ሳላገኝ የሚኒስትር ጉንፋን እንኳ አልዘግብም። ነገር ግን አባት መሆን ከጋዜጠኝነት በፊት የያዝኩት ሥራ ነውና ልጄ ሞዴል ፈተና አመለጣት ብዬ ከመግለጫው መሀል ተነሥቼ ወጣሁ። ትምህርት ቤቷ ወዳለበት ሀይሌ ጋርመንት የምትል ታክሲ ውስጥ ገብቼ ጥያቄዎቼን በቅደም ተከተል አሰለፍኩ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደርሼ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወረወርኩ። "ልጄ ሞዴል እንዴት ሊቀርባት ቻለ?"

"ሞዴል? ሞዴልማ ገና አልሰጠንም" አሉ።

"እንግዲያው ዓርብ አስረክቢ የተባለችው ምንድነው?"

ሰውዬው አሰቡ። "ርክክብ ከሆነ የንብረት ጉዳይ ነው። ሞዴል የሚቆርጡት ንብረት ክፍል ናቸው። በዚህ ኮሪደር መጨረሻ፣ በግራ።"

ሄድኩ። ንብረት ክፍል በመስኮት በኩል ብቻ የሚያናግሩ ሴትዮ አሉ። ቀና ሳይሉ፣ "ገቢ ነው ወጪ?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ሞዴሉ ነዋ።"

"እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ልጄ ነው።"

"ልጅ በዚህ በኩል አይወጣም" ብለው መስኮቱን ዘጉት።

እዚያ ኮሪደር ላይ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ በትክክል ስለማላስታውስ አልጠቅሰውም፤ "የዜጎች መብት" የሚል ሐረግ ግን እንደነበረበት የሰሙ ሰዎች ነግረውኛል። ጩኸቴን ሰምቶ ጣቶቹ በቀለም የተለወሱ ወጣት መምህር ከአንድ ክፍል ወጣ። የማሂ የሥዕል መምህር ዮናስ ነው።

"አባት፣ ይረጋጉ። ፈተና አይደለም። ሞዴሏ ሰው ነው።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ቁጭ ብሎ የሚሳል ሰው። ቀረ ያለችው ሳይመጣ ቀረ ለማለት ነው።"

ነገሩን አብራራልኝ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አንድ በዕድሜ የበሰለ ሰው ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው በትልቅ ወረቀት በከሰል መሳል አለባቸው። ዓርብ ያስረክባሉ፣ ቅዳሜ ከውጭ የሚመጣ ፈታኝ ያያል። ከስልክ ፎቶ የተገለበጠ ሥዕል ግን ዜሮ ነው፤ ማስረጃ የለም፣ ይግባኝ የለም። ማሂ ደግሞ ከዚህ በኋላ የሥዕል ትምህርት ቤት ልታመለክት ነው። ያለዚህ ሥራ ማመልከቻዋን የሚያይላት የለም።

የቀረው ሞዴል የብሎካችን ዘበኛ ጋሽ ታደለ ነበሩ። መጀመሪያ እሺ ብለው ተቀምጠውላት ነበር። ከዚያ ወሬው ወጣ። በር ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች "ጋሽ ታዴ፣ ሞዴል ሆኑ አሉ! እስቲ አንዴ ይራመዱልን!" ማለት ጀመሩ። ባለቤታቸውም በዚህ ዕድሜ ሞዴልነት ምን እንደሆነ እንዲያስረዷቸው ጠየቁ። ጋሽ ታደለ በዚያው ቀሩ። በኋላ ሳነጋግራቸው "ያንን ቃል ባትጠራው ኖሮ እስከ ፋሲካ እቀመጥላት ነበር" ነው ያሉኝ።

መምህር ዮናስ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። "እርስዎስ ለምን አይቀመጡላትም?" አለ። "ጥሩ ፊት አለዎት። ብዙ መስመር አለው።"

ለጩኸቴ ካሳ መክፈል ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

ሐሙስ እኔም ማሂም ፈቃድ ወስደን ቤት ዋልን። ባለቤቴ ለሥራ አዳማ ናት። ማሂ ወንበሩን መስኮቱ አጠገብ አደረገችና አስቀመጠችኝ። ጫማዬን ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረች፤ አደጋ የደረሰበት ቦታ ትራፊክ ፖሊስ እንደሚያሰምረው።

"እጅህ ጉልበትህ ላይ። አገጭህን ቀና። ዓይንህ እዚያ ብሎክ ላይ ያለው የውኃ ታንከር ላይ። አፍህን አታንቀሳቅስ።"

"አላንቀሳቀስኩም።"

"አባዬ! ይኸው አንቀሳቀስክ!"

ዓይኔን ወደ ታንከሩ መለስኩ። ወንበር ላይ መቀመጥ ሥራ ነው ያለኝ ሰው ቢኖር እስከዚያ ቀን ድረስ እስቅበት ነበር። አፍንጫዬ በላኝ፤ አላከክሁም። ዝንብ ቅንድቤ ላይ አርፋ ተመቻቸች፤ ታገስኩ። እግሬ ከደነዘዘ በኋላ የኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ። እኔ ግን በሥነ ሥርዓት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ተቀመጥ ከተባልኩ እቀመጣለሁ። ማሂም "አባዬ፣ እንዳንተ ያለ ሞዴል የለም" አለችኝ። ሙገሳው ልቤ ውስጥ ገባ። ለጥፋቱ ግማሽ ተጠያቂው ይህ ሙገሳ ነው።

ከዚያ ዳቦ አለቀ። የከሰል ሥዕል የሚጠፋው በላጲስ ሳይሆን በለስላሳ ዳቦ ነው፤ ቆንጠር ተደርጎ ሲነካካ ጥቁሩን ያነሳዋል። ቤት ያለው ዳቦ ደርቋል።

"አባዬ፣ ወርጄ ትኩስ ዳቦ ልግዛ። እንዳትነቃነቅ! አገጭህ ልክ የገባው ገና አሁን ነው። መጣሁ።"

በሩን ገርበብ አድርጋ ሮጠች። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘይነብ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ መጡ።

"ማሂ! ማሂዬ!" ገቡ። "የማሂ አባት፣ እንዴት አደርክ?"

ሁኔታውን መዘንኩ። ብመልስ አገጬ ይናጋል፣ የልጄ የዓመት ሥራ ይበላሻል። ባልመልስ ባለጌ እባላለሁ። ባለጌነቱን መረጥኩ። አሁንም ቢሆን ውሳኔው በመረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር እላለሁ።

"የማሂ አባት?" ቀረቡ። እጃቸውን ዓይኔ ፊት አወዛወዙ። ዓይኔ ታንከሩ ላይ ነው። "አንተ! ምን ሆነሃል?"

ሴትዮዋ መደንገጣቸው ስለገባኝ ማስረዳት ፈለግሁ። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ በጥርሴ መካከል፣ "ሞዴል ነኝ" ለማለት ሞከርኩ። ከንፈር ሳይገጥም "ሞ" አይወጣም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የወጣው "ኖዴል ነኝ" የሚል ነው።

"ያ አላህ! አፉ ተያዘ!" ወንፊቱ ወደቀ። "ኧረ ጎረቤት! ኧረ ድረሱ! የማሂ አባት ተመታ!"

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውኃ ሲጠፋ የሚወጣ ሰው የለም፤ ለኮሚቴ ስብሰባ የሚወጣ ሰው የለም። "ተመታ" ሲባል ግን ብሎኩ በሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የደረሰው ከብሎኩ ሥር ሥጋ ቤት ያለው ምትኩ ነው፤ ትከሻው የበሬ ጎድን የለመደ ነው። ጋሽ ታደለም ዱላቸውን እንደያዙ ከበር መጡ። አንዱ ደም ግፊት አለ፣ ሌላዋ ስትሮክ አለች፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ደቀነች። ግማሹ "አታንቀሳቅሱት!" ይላል፣ ግማሹ "አንሱት!" ይላል። የአታንቀሳቅሱት ወገን ደስ አለኝ። ከልጄ ጋር የተስማሙ ሰዎች ናቸው።

ባለቤቴ በኋላ በስልክ "ለምን ያኔ ብድግ አላልክም?" ብላ ጠይቃኛለች። የሁሉም ጥያቄ ይኸው ነው። መልሴን እሰጣለሁ። መጀመሪያ ላይ በአገጬ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ግን ጊዜው አለፈ። ዜና አንዴ ከወጣ በኋላ ማስተባበያ ማንም አያነብም፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያም ሆኖ ማሂ እንደዘገየች ሳይ አፌን በሰፊው ከፍቼ፣ እጄን እያወናጨፍኩ "ኧረ ደህና ነኝ! ልቀቁኝ!" አልኩ።

"መወራጨት ጀመረ! ያዙት!" አሉ ጋሽ ታደለ።

የአንሱት ወገን አሸነፈ። ምትኩ ከኋላ፣ ሌሎቹ ከፊት ይዘው ከነወንበሬ አነሡኝ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ሶፋ እንኳ ተዘቅዝቆ ነው የሚያልፈው። እኔም እንደ ሶፋው አለፍኩ። በየፎቁ በር እየተከፈተ አዲስ ምርመራ ይካሄድብኝ ነበር። "ደህና ነኝ!" ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው "አይዞህ፣ አትናገር፣ ጉልበትህን ቆጥብ" ይለኛል። አንድ ሰው ደህና ነኝ ሲል ከማመን ይልቅ ማዘን የሚቀልበት አገር ውስጥ እንዴት ነው መረጃ የሚሰራጨው?

አንደኛ ፎቅ ስንደርስ ማሂ ዳቦዋን ይዛ ስትወጣ ተገናኘን። ማንኛዋም ልጅ አባቷን በዚያ ሁኔታ ብታይ ትጮሃለች። ማሂም ጮኸች። ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦

"አባዬ! ተንቀሳቀስክ!"

ተሸካሚዎቼ ደረጃው ላይ ቆሙ።

"ምን አልሽ አንቺ?" አሉ እትዬ ዘይነብ።

"እየሳልኩት ነበር። እንዳትነቃነቅ ብዬው ነው የወረድኩት። ሞዴሌ ነው።"

ምትኩ አንገቱን አሻግሮ ከላይ ወደ ታች አየኝ። "እና ደህና ነህ?"

"ከላይ ጀምሮ እየነገርኳችሁ ነው!"

ወንበሩን መሬት ላይ ያስቀመጡበት አኳኋን ያነሡበትን ያህል ጥንቃቄ አልነበረውም። ቁጣውም ወደኔ ዞረ። የተወሰድኩት እኔ፣ የተዘቀዘቅኩት እኔ፣ ሎሚ የታሸተብኝ እኔ፤ ተበዳይ ግን እነሱ ሆኑ!

"ሰው ሲጠራው አቤት አይልም?" አሉ እትዬ ዘይነብ። "በዚህ ልቤ ሞቼ ብሆንስ?"

"ሥጋ ቤቱን ክፍት ጥዬ ነው የመጣሁት" አለ ምትኩ ወገቡን ይዞ። "ድመት ገብታ ይሆናል።"

ሲያወርዱኝ የተሻሙበትን ወንበር ወደ ላይ የሚያወጣው ጠፋ። ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ።

ቤት ስንገባ ነገሩ ከቀልድ ወጣ። ጠመኔው በእግር ብዛት ጠፍቷል። ወንበሩ የት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት የለም። ሥዕሉ ላይ እጄና ገላዬ ተሠርተዋል፣ ፊቴ ግን ገና መስመር ብቻ ነው። አቀማመጤ ትንሽ ከተለወጠ ጥላው ሁሉ ቦታውን ይስታል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ማስረከቢያው ነው። ማሂ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዞረችኝ። "አይደለም... እንዲህም አይደለም..." ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከሰሉ ጉንጯ ላይ ቀረ። ያን ሳይ ስለ ደረጃው የያዝኩት ቂም ለጊዜው ጠፋ። 

እትዬ ዘይነብ የጣሉትን ወንፊት አንስተው ሊያስረክቡ ተመልሰው ገብተው ነበር። ቆመው አዩኝ።

"አገጩ ከዚህ ከፍ ያለ ነበር" አሉ።

ማሂ ቀና አለች። "እርግጠኛ ነዎት?"

"እኔ አለቀለት ያልኩት በአገጩ አይደል እንዴ? ቀና አድርጊው። ትንሽ ጨምሪ። እዚያ ጋ!"

ከሌሎቹ ጋር እየተቆጣ ተከትሎኝ በሩ ላይ የቆመው ምትኩ ገባ። "ወንበሩ ከመስኮቱ ራቅ ይላል። ሳነሳው ግድግዳው ክርኔን አልነካውም።" ጋሽ ታደለ የግራ እጄ ጣቶች ተበትነው እንደነበር አስታወሱ፤ የሞት ምልክት መስሏቸው በደንብ አይተውታል። የሎሚዋ ሴትዮ ዓይኔ የት እንደነበር ነገረች። ሰው ሊሞት ነው ብሎ ያየውን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውስ አላውቅም ነበር። ከእግር ጥፍሬ እስከ ቅንድቤ በምስክር አስቀመጡኝ። ማሂ ከሥዕሉ ጋር አስተያየችና "እሱ ነው! ማንም እንዳይነካው!" አለች።

እንግዲህ ማንም አልነካኝም፤ ማንም ግን አልሄደም። ብርሃኑ እስኪያልቅ ከበውኝ ቁጭ አሉ። "የማሂ አባት፣ ዓይን!" ይላል አንዱ። "አተነፋፈስህን ቀንስ!" ትላለች ሌላዋ። ጋሽ ታደለ ዱላቸውን ተደግፈው "ሞዴልነት ቀላል መስሎህ ነበር?" አሉኝ፤ እንደ ድሮ አለቃዬ።  በገዛ ሳሎኔ ጎረቤት ሲያማኝ፣ ቡናማ ጃኬቴ ሲተች፣ አፍንጫዬ "በሥዕሉ ይሻላል" ሲባል፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ሰማሁ። ፊቴ ላይ የተጠራቀመውን ቁጣ ማሂ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ አወረደችው።

ዓርብ አስረከበች። ቅዳሜ ሥዕሎቹ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀሉ፤ ወላጅ ይግባ ተባለ። ብሎኩም ገባ። አልጠራኋቸውም፤ "ያለ እኛ ልታዩት ነው?" ብለው ታክሲ ሞልተው መጡ።

ፈታኙ መነጽር ያደረጉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የማሂ ሥዕል ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ቀረቡ፤ ራቁ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይህ ከፎቶ ነው።"

"አይደለም" አለች ማሂ። 

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቁጣ ሰው ፊት ላይ ብልጭ ብሎ ነው የሚጠፋው። ግማሽ ቀን አይቆይም። ይህን የሚይዘው ካሜራ ብቻ ነው።" እስክሪብቷቸውን አወጡ።

ወደ ፊት ወጣሁ። "ይቅርታ፣ ሞዴሉ እኔ ነኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ተቆጥቻለሁ።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አባቷ።"

"አባት ምስክር አይሆንም" አሉኝ። የሚያበሳጨው ነገር ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን የባለጉዳይን ቃል ብቻ ይዤ አልጽፍም። መምህር ዮናስ አቀርቅሯል። ማሂ ግድግዳውን ይዛለች። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ነው።

"ፎቶ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ምትኩ ሰዎቹን በትከሻው እየከፈለ ወጣ። "ጌታው፣ እርስዎ ፎቶ ተሸክመው ደረጃ ወርደው ያውቃሉ? እኔ ይህን ሰውዬ ከአራተኛ ፎቅ ከነወንበሩ ነው ያወረድኩት። ፎቶ ቢሆን ኖሮ ወገቤ እንዲህ ይሆን ነበር?"

"አገጩን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ!" አሉ እትዬ ዘይነብ። "አቤት እንኳ አላለኝም! ያኔ የደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም!"

ጋሽ ታደለ የመጀመሪያው ሞዴል እሳቸው እንደነበሩ፣ በሰው አፍ ምክንያት እንደለቀቁ በአዳራሹ ፊት ተናገሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ምትኩን አዩ። "ቆይ፣ ለምንድነው ያወረዳችሁት?" አሉ። ተነገራቸው። ሲስቁ ዝምተኛ አይደሉም።

ማሂ አለፈች። በጥሩ ውጤት ነው ያለፈችው፤ ትክክለኛውን ነጥብ ሳልጠይቅ እንዳልቀረሁ አንባቢ ይገምታል። ወደ ጀሞ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እትዬ ዘይነብ የልጄን እጅ ይዘው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እንኳንም ተሸከምነው!" አሉ። ታክሲው በሙሉ ተስማማ። ማሂ ሳትቀር ራሷን ነቀነቀች።

ላስተባብል አፌን ከፈትኩ። ነገሩ እውነት ነው፤ ባይሸከሙኝ ቁጣውም ምስክሩም አይገኝም ነበር። መልሼ ዘጋሁት። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።